ለታደለ እናት የተላከ በሶ

ጂንካ ልሄድ ነው ስል የሰፈራችን ሰዎች የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ማን ተመድቦ ነው?» ከደብረ ብርሃን ሰው ወደዚያ የሚሄደው መንግሥት ሲመድበው ብቻ ይመስላቸዋል። እኔን የላከኝ አባቴ ነው። ከተመለስኩ በኋላ በየቤቱ እየጠሩኝ መንገዱን፣ ምግቡንና ሰዉን እንድነግራቸው ስለጠየቁኝ፣ ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው እንዳላዛባ በየቀኑ ከያዝኩት ማስታወሻ ይህን አዘጋጀሁ። ኮሌጅ ከገባሁ ገና አንድ ሴሚስተር ነው። አጻጻፌ ላይ ጉድለት ብታገኙ እንደምታርሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከመንገዱ በፊት የሄድኩበትን ምክንያት ልናገር። አባቴ ወታደር ነበር። በሶማሊያ ጦርነት ሲማረክ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ተፈቶ ሲመጣ አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። በምርኮው ቦታ የኖራ ድንጋይ ሲፈልጡ ኖሩ። ሥራው ለሁለት ነው። አንዱ የብረት ሽብልቁን ድንጋዩ ላይ ይዞ ይቀመጣል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል። አባቴ መቺ ነበር። ብረቱን የሚይዝለት ደግሞ ከጂንካ በላይ ከገዘር አካባቢ የተመለመለ ታደለ የሚባል ወታደር ነበር።

ሲርባቸው ስለ ምግብ ያወሩ ነበር። ምኞት ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የአገሩን ምግብ አሠራር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሌላው ያስተምራል። አባቴ ገብስ እንዴት እንደሚታመስ፣ እንዴት እንደሚፈጭ፣ በሶው ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ለታደለ ነገረው። ታደለም እንሰት ከሚተከልበት ጀምሮ ቆጮው ተጋግሮ እስኪቀርብ ለአባቴ ነገረው። ሲጨርሱ እንደገና ይጀምራሉ። እንዲህ እያሉ ሰባት ዓመት አብረው ፈለጡ። ከዚያ ታደለ በወባ ሞተ። ያጠበውም የቀበረውም አባቴ ነው።

አንዳቸው እዚያው ቢቀር፣ የተረፈው ሰው ወደ ሌላው እናት እንዲሄድ ተማምለው ነበር። አባቴ ግን ሳንባው በድንጋይ አቧራ ተጎድቶ ነው የመጣው፤ ሐኪም ረጅም መንገድ ከልክሎታል። ሁለት ደብዳቤ ጽፎ መልስ አላገኘም። ቤት ውስጥ ቆጮ፣ ቆጮ ይላል። እናቴ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አስመጥታለት ቀመሰና «ታደለ የነገረኝ ይህን አይደለም» ብሎ አስቀመጠው። አሥራ አንድ ዓመት ናፍቄው መጣ፤ ሲመጣ ግን እሱም የሚናፍቅ ሰው ሆኖ መጣ። እራት ላይ አጠገባችን ተቀምጦ እንኳ ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ የየካቲት ዕረፍት ሲደርስ «አንቺ አፌ ሁኚልኝ፣ ጥሩዬ» ሲለኝ እሺ ያልኩት ለታደለ እናት ብዬ ብቻ አይደለም። መልእክቱ ከደረሰለት አባቴ ሙሉ በሙሉ ቤቱ ይገባል ብዬ ነው።

እናቴ ያዘጋጀችውን በሶ በነጭ ከረጢት ሰፍቶ ሰጠኝ። «ታደለ ሳይቀምሰው ቀረ። እናቱ ትቅመስለት» አለኝ።

እሑድ

የይለፍ ወረቀቱን ቀበሌ የጻፈልን አርብ ነበር። ጸሐፊው «ገሙ ጎፋ ክፍለ ሀገር ምን ዘመድ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የአባቴ ጓደኛ እናት» አልኩት።

«ይኼ ዘመድ ይባላል?»

አባቴ ከኋላዬ ቆሞ እያሳለ «ጻፈው» አለ። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየውና «ቤተሰብ ጥየቃ» ብሎ ጻፈ።

ከአዲስ አበባ አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። በሶውን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ ሶዶ ሄድኩ። ሻሸመኔ ላይ ምሳ ስንበላ ከረጢቱን መኪናው ውስጥ መተው ፈርቼ ይዤው ወረድኩ። ያደርንበት ሆቴል ንጹሕ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ግን አንድ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ በየካቲት ሦስት ደርበን እንተኛለን፤ እዚያ አንዱንም ገፍቼው ተኛሁ።

ሰኞ እና ማክሰኞ

አርባ ምንጭ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ እስክመለስም መልሼ አልለበስኩትም። ምሳ ዓሣ በላሁ። እኛ ዓሣ የምናውቀው በጾም ከሚመጣው ጣሳ ነው። እዚያ ግን ሙሉውን ከነጭንቅላቱ ጠብሰው ያቀርቡታል። አጥንት ጉሮሮዬን ወጋኝና ሳል ሲይዘኝ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሙዝ ልጣ በእጇ አጎረሰችኝ። አጥንቱ ወረደ። ለሙዙ ልክፈል ብላት ተቆጣችኝ።

ወደ ጂንካ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። የጭነት መኪና መፈለግ ነበረብኝ፤ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። አመሻሹ ላይ ጨው፣ ስኳርና ሳሙና የጫነ መኪና መጣ። ሹፌሩ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ጢማቸው ሸበቶ ነው።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከደብረ ብርሃን።»

«ብርዱ ነው ያባረረሽ?»

የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ረዳታቸውን ጠርተው «አንተ ነገ ጭነቱ ላይ ትወጣለህ፤ ጋቢናው ለእሷ ነው» አሉት።

ረቡዕ

ኮንሶን ያለፍነው ጠዋት ነው። ተራራው ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ካብ እንደ ደረጃ ተሠርቷል። አባቴ ቢያየው የድንጋዩን ሥራ ቆሞ ያደንቅ ነበር፤ ወይም ዓይኑን ይጨፍን ነበር፤ የቱን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወደ ወይጦ ቆላ ወረድን። ሙቀቱ ምድጃ ፊት እንደመቀመጥ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ውሃ የሌለው የወንዝ አሸዋ ውስጥ መኪናው ተቀረቀረ። ጋሽ ሰይድ ሞከሩ፣ ጎማው ይበልጥ ገባ። ሁላችንም ወርደን በእጃችን አሸዋ ስንዝቅ፣ ቅርንጫፍ ስንነሰንስ ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እዚያው ማደራችን ቁርጥ ሆነ። ጭነቱ ላይ ተሳፍረው የነበሩት ሰዎች ያላቸውን ሙዝና ዳቦ በልተው ጨርሰዋል። አንዲት የምታጠባ ሴት ወተቷ ቆሞባት ሕፃኑ ያለቅሳል።

እኔ ከረጢቱን እንዳቀፍኩ ነኝ። ጋሽ ሰይድ አይተው «የአደራ ነው፣ አትንኪው» አሉኝ። ሕፃኑ ግን ዝም አላለም። ስፌቱን በጥርሴ በጠስኩት። መጀመሪያ ለእናቲቱ ብቻ በኩባያ በጠበጥኩ። ከዚያ አጠገቧ ያሉ ሽማግሌ አዩ። ከዚያ ሌላው። ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ማለፍ አቃተኝ፤ ስስታም መስዬ መታየት ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልበትም። ሲመሽ ከረጢቱ ውስጥ ሁለት እፍኝ የምታህል ቀረች።

ከመኪናው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ ጎማ ሊያዩ መጥተው አገኙኝ።

«አባትሽ እዚህ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር?»

«ያካፍል ነበር።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ለእሷ ምን እሰጣታለሁ?»

«የተረፈውን» አሉኝና ጎማቸውን ማየት ቀጠሉ።

ሐሙስ

ጠዋት የፀማይ እረኞች ከብቶቻቸውን ይዘው መጡ። ቋንቋ አልተግባባንም፤ አንዱ ሰውዬ ጎማውን አይቶ ሳቀና ጦሩን ዛፍ ላይ አስደግፎ ከኋላ መግፋት ጀመረ። ጓደኞቹም ተከተሉት። መኪናው ወጣ። ጋሽ ሰይድ ጨው ቆርሰው ሰጧቸው።

ቀይ አፈር የምትባለው ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ነበር። ሴቶቹ ጸጉራቸውን ቅቤና ቀይ አፈር ቀብተው በቀጫጭኑ ገምደውታል። አንድ አብሮን የተሳፈረ ሰው ሲያፌዝ ሰማሁ። የእኔም እናት ለፋሲካ ቅቤ አናቷ ላይ አድርጋ በግንባሯ ሲወርድ ነው የማውቃት፤ ስለዚህ ከሩቅ የሸተተኝ ሽታ የቤቴ ነበር። ካኮ የምትባል መንደር ላይ ራዲያተሩ ውሃ ሲጎድለው ቆምን። ውሃ የሰጡን ሰዎች በቅል ትኩስ ሸፈሮ አቀረቡልን። ሸፈሮ የሚፈላው ከቡናው ገለባ ነው፤ ቅሉን በሁለት እጅ ይዘው ይጠጡታል። ቅሉን በሙሉ መጨረሴን እስክታይ ድረስ ያቀበለችኝ ሴትዮ ከፊቴ አልሄደችም።

ጂንካ የገባነው ወደ ማታ ነው። ከተማዋ ለምለም ናት፣ ነፋሻም ናት። የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል ያለ የሣር ሜዳ ሲሆን ላሞች ይግጡበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ያባርሯቸዋል አሉኝ። ጋሽ ሰይድ ሳሙና ወደሚያወርዱላት ነጋዴ ወደ እትዬ አስካለ ቤት ወሰዱኝ። «የአገርሽን ልጅ አመጣሁልሽ» አሏት።

አርብ

እትዬ አስካለ የደብረ ሲና ሰው ናት። በልጅነቷ ለነጋዴ ተድራ መጥታ፣ ባሏ ሞቶ፣ ሱቁን ይዛ ቀርታለች። አልጋዋን ለቃልኝ እሷ መሬት ላይ ተኛች፤ ብለምናትም አልሰማችኝም። ቁርስ ላይ ከረጢቱን አየችው።

«ምንድን ነው?»

«በሶ ነው፣ እትዬ። የአደራ።»

«አትስጪኝ። ላሽትተው ብቻ።»

ከፍቼ አቀበልኳት። ፊቷን ከረጢቱ ውስጥ አስገብታ ቆየች። ስታወጣው አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ዱቄት ነበረ። «አሁንም እዚያ በረዶ ይጥላል?» አለችኝ። ይጥላል አልኳት። «እኔ ከመጣሁ ቀርቷል ብዬ ነበር» አለችና ሱቋን ልትከፍት ሄደች።

ገዘር ለሚወጡ ባለገበያዎች ሁሉ ስትነግር ዋለች፤ ወደ ሠራዊቱ ሄዶ ያልተመለሰ ታደለ የሚባል ልጅ ያላትን ሴት፣ ሰው መጥቶልሻል በሏት አለች። እኔ ሱቁን ስጠርግላት፣ ስኳር ስመዝንላት ዋልኩ።

ቅዳሜ

በጠዋቱ አንድ ረጅም ሰው ኮፍያውን በእጁ ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት። በቀለ ይባላል፤ የታደለ ታናሽ ወንድም ነው፣ ገዘር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። የተነሣው ሌሊት ነበር ማለት ነው። ሰላምታውን እንደጨረስን የአባቴን ስም ነግሬው ልቀጥል ስል እጁን አነሣ።

«ለእኔ አትንገሪኝ፣ እህቴ።»

«ጋሼ በቀለ፣ እኔ የመጣሁት...»

«ገብቶኛል። የምሥራች ቢሆን ትላንት ነጋዴዎቹ እየዘፈኑ ያመጡት ነበር። ግን መጀመሪያ እሷ ትስማ። እኔ ቀድሜ ከሰማሁ ፊቴን አይታ ታውቃለች።»

አምና ሌላ ሰው መጥቶ እንደነበረ ነገረኝ። ከታደለ ጋር ነበርኩ፣ ደህና ነው፣ ሌላ አገር ሄዷል ብሎ ሦስት ቀን በልቶ ጠጥቶ፣ በግ ተሰጥቶት ሄደ። ከወር በኋላ ሰውዬው ወታደር ሆኖ እንደማያውቅ ተሰማ። «ከዚያ ወዲህ ማንንም አታምንም። ሽማግሌዎች ልቅሶ እንቀመጥ ብለዋት ነበር፤ የቀበረው ሰው ቃል ሳይመጣ አልቀመጥም አለች። ደስታ ቤት አትሄድም፣ ልቅሶ ቤትም አትሄድም። መሀል ላይ ቆማ ነው ያለችው። አንቺንም ላትሰማሽ ትችላለች።»

ወደ ገዘር አቀበቱን በእግር ወጣን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የከተማ ጫማዬ ተረከዙ ተነቀለ። በቀለ በረባሶውን አውልቆ ሰጠኝ፤ እምቢ ስለው በባዶ እግሩ ጥሎኝ ወደፊት ሄደ፤ ሳልወድ አጥልቄ ተከተልኩት። ጫማው ለእኔ እንደ ጀልባ ነበር። ከፍ እያልን ስንሄድ አየሩ ቀዘቀዘ፣ ገብስም አየሁ። የአገሬ ገብስ እዚያ ይበቅላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አባቴም አያውቅም፤ ለታደለ ገብስ ምን እንደሚመስል ጭምር ነበር ያስረዳው። ታደለ አውቀዋለሁ አላለውም፤ አባቴ አስረዳሁት ብሎ እንዲደሰት ተወው ማለት ነው።

ማታ በበቀለ ቤት ሚስቱ ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። ሲጎርሱት ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ደስ ይላል። የታደለ እናት ጎረቤት ባለው ጎጆዋ ነበረች። ልትጠይቀኝ አልመጣችም።

እሑድ

ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ጸሎት ቤታቸው ሄደ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዝሙር መስማት አዲስ ነበር። የታደለ እናት ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ትንሽ፣ ቀጥ ያለች ሴት። አንድ ጊዜም ዞራ አላየችኝም። ስንወጣ ወደ እሷ ሄጄ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። እጇን ሰጠችኝ፣ አንድ ነገር ተናግራ ሄደች።

«ምን አሉ?»

በቀለ ኮፍያውን አዟዟረው። «በግ የለኝም አለች።»

ሰኞ

በማግስቱ ዕረፍቴ ሊያልቅ አምስት ቀን ብቻ እንደቀረው፣ ጋሽ ሰይድም ማክሰኞ እንደሚመለሱ አሰብኩ። ጠዋት በቀለ ጠርቶኝ ከቤቱ ጓሮ ወዳለው የእንሰት ተክል ሄድን። እንሰቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ናቸው። መሀላቸው በቅጠልና በቀርከሃ የታጠረ ቦታ አለ። ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል።

«እሷ ናት። እንሰት እየፋቀች ነው።»

«እንግባ?»

«አንቺ ግቢ። እኔ አልገባም። የሴቶች ሥራ ነው፤ በእኛ ቤት ወንድ አይጠጋም። ከዚህ ሆኜ አስተረጉማለሁ።»

ገባሁ። መሬት ላይ በተነጠፈ ቅጠል ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ፣ ልትመልሰኝ ግን አልቻለችም፤ ሴት ነኝ። በእጇ የቀርከሃ መፋቂያ ይዛለች። በቀለ ከአጥሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ በጩኸት ያስተረጉም ጀመር። እሷ የምትለው ለእኔ ነው፣ የሚመጣው ግን ከኋላዬ በኩል ነው፤ ስለዚህ ወደ የትኛው መዞር እንዳለብኝ እስክለምድ ድረስ እንደ ሞኝ ስዟዟር ነበር።

«አባትሽ ልጄን ማወቁን በምን አውቃለሁ? ትላለች።»

የታደለን መልክ ነገርኳት። ጠባሳ እንደነበረው ነገርኳት። «የአምናው ሰውዬም ይህን ያውቅ ነበር፣ ጎረቤት ጠይቆ» አለች። መፋቋንም አላቆመችም።

«ምን ያወሩ ነበር? ትላለች። ሁለት ሰው ሰባት ዓመት ምን ያወራል?»

«ስለ ምግብ» አልኩ። ከዚያ አባቴ እራት ላይ ስንቴ እንደነገረን፣ እኔም ሰልችቶኝ ሳለ በቃሌ እንደያዝኩት፣ አንድም ሳላስቀር መናገር ጀመርኩ። «እንሰቱ ይቆረጣል። ቅጠሉ ለብቻ ይቀመጣል። ግንዱ እየተላጠ እንደ ረጅም ሰሌዳ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ሴቶች ይቀመጣሉ። አንደኛዋ ልጡን ሳንቃው ላይ ትይዛለች፣ ሁለተኛዋ በቀርከሃ ትፍቃለች። ሥሩ ይከተከታል...»

በቀለ እየተከተለኝ ሲያስተረጉም መፋቁ ቆመ። እጇን አነሣች።

«እንደገና በይ ትላለች። ከሁለት ሴቶች ጀምረሽ።»

ደገምኩት። በአባቴ አባባል ጨመርኩበት፤ «እንደ እኛ ሥራ ነው፣ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ይሠራል። ታደለ ያዥ ነበር።»

ሳቀች። ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ምንም ሳትናገር ልጡን ሳንቃው ላይ አስደገፈችና አንድ እግሯን አንሥታ ጫፉን በተረከዟ ተጭና ያዘችው። ሁለት እጇ ለመፋቂያው ነፃ ሆነ። አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ፋቀችው፤ ነጩ ወረደ፣ ቃጫው ቀረ። ያዥ የሚባል ሰው አልነበረም። የሚይዘው እግር ነበር።

ፊቴ ጋለ። አባቴ አሥራ አንድ ዓመት የያዘውን ነገር ስቼ ያቀረብኩ መሰለኝ። «ይቅርታ እማማ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ...»

እሷ ግን ለአጥሩ እየተናገረች ነበር። 

«ጋሼ በቀለ፣ ምን አሉ?»

«ብቻዬን ነበርኩ ትላለች።» ድምፁ ቀጠነ። «አባታችን ሲሞት እኛ ልጆች ነበርን። እየፋቀች ታወራው ነበር፣ አባታችንን። እሷ ትጠይቀዋለች፤ እሱ የሚመልስላትን ራሷ በእሱ ድምፅ ትመልሳለች። ታደለ ከአጥሩ ውጭ ተደብቆ ይሰማ ነበር። በእንሰት ልጥ ታባርረው ነበር። ሁለት ሰው የመሰለው ለዚያ ነው። ይህን ማንም ጎረቤት አያውቅም ትላለች።» ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር «እኔም ሁለት ናቸው እል ነበር» አለ።

የታደለ እናት መፋቂያውን ቅጠል ላይ አኖረች። አስተርጓሚውን አልጠበቀችም። በገበያ አማርኛዋ ራሷ ጠየቀችኝ።

«ልጄ ሞተ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማን ቀበረ?»

«አባቴ።»

«ብቻው?»

«ብቻውን። አጥቦ፣ በራሱ ጋቢ ገንዞ። ነጭ ድንጋይ አስቀምጦበታል። ወባ ነው የወሰደው። እንድነግርሽ... እንድነግርዎት ያዘዘኝ ሌላም አለ። አንድ ቀን መዶሻው ስቶ የግራ እጁን ጣት የሰበረው አባቴ ነው። ታደለ ለጠባቂዎቹ ራሴ ነኝ አላቸው። አባቴ ይቅርታ ይጠይቃል።»

ይህን በቀለ ከውጭ አስተረጎመ። ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። እሷ አላለቀሰችም። የተጀመረውን ልጥ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እግሯን ከሳንቃው ላይ አወረደች።

«ያዢ» አለችኝ።

ጫፉን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። መፋቂያውን አንሥታ ከላይ ጀምራ ፋቀች፤ ኃይሏ ወደ እኔ ሲመጣ በክንዴ ተሰማኝ፤ መያዝ ቀላል ሥራ አይደለም። ያንን ልጥ እስከ መጨረሻው አብረን ጨረስነው። አንድ ጊዜ እያወራች እንደሆነ ሰማሁ፤ በቋንቋዋ፣ በሁለት ድምፅ። በቀለ ያን አላስተረጎመልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ስንጨርስ እጇን በቅጠል ጠረገች፣ ወጣች፣ ልጇን በቀለን አቀፈችው፣ ከዚያ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ቀኑን ሙሉ ሲለቀስ ዋለ። አቅራቢያ ካሉ መንደሮች ሰዎች እየተቀባበሉ ወረዱ። እኔን አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ የሚመጣው ሁሉ እሷን ካቀፈ በኋላ እኔን ያቅፈኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ለአባቴ አልቅሰን አናውቅም ነበር፤ እናቴ አልሞተም ስትል ኖራለች። ስለዚህ እዚያ ሳለቅስ ለማን እንደማለቅስ በደንብ አልለየሁትም።

ወደ ማታ የተረፈችውን በሶ አወጣሁ። ሰዉ ሁሉ እያየ በውሃና በትንሽ ማር ጨብጬ በመዳፏ አኖርኩላት። መንገድ ላይ ያካፈልኩትን ተናዘዝኩ። በቀለ አስተረጎመ። «ሕፃኑ ጠገበ? ትላለች።» ጠገበ አልኩ። ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አኘከች። «ገብስ ነው» አለች በአማርኛ። አዎ አልኳት። ግማሹን በቅጠል ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተች።

ማክሰኞ እና ከዚያ በኋላ

ሳይነጋ ስነሣ የታደለ እናት ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ ጠብቃኛለች። «ለአባትሽ። ጣቱን ይቅር ብያለሁ» አለችኝ በገበያ አማርኛዋ። የተሰበረውን ጫማዬን በቀለ ማታውን በሚስማር መትቶልኝ ነበር። እስከ ጂንካ ሸኘኝ። እትዬ አስካለ «ደግመሽ ስትመጪ በሶውን ለእኔ ያዢ» አለችኝ። ጋሽ ሰይድ ጥቅሉን አይተው «ስትመጪ በሶ፣ ስትመለሺ ቆጮ፤ አንቺ ልጅ ጦር ነው የምትቀልቢው» አሉኝ። በመመለሻው መኪናው አልተቀረቀረም፤ ቆጮው አልተነካም። ሽታውን ግን የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሁለት ቀን ሙሉ ታገሰኝ።

መንገድ ላይ ለአባቴ የምነግረውን በማስታወሻዬ ላይ በቅደም ተከተል ጻፍኩ። ስለ እንሰቱ አሠራር የተሳሳተውን ማረም እንዳለብኝም ጻፍኩ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን በእግሯ ይዛ እንደምትፍቀው። ትክክለኛውን ማወቅ አለበት ብዬ ነበር።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ብርዱ ጆሮዬን ቆረጠኝ። አባቴ በሩ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሞ ነበር። ስለ ታደለ እናት፣ ስለ ልቅሶው፣ ስለ ጣቱ አንድ በአንድ ነገርኩት። ይቅርታውን እንደተቀበለችው ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ቆጮውን አሙቃ አቀረበችለት። ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ይህ ነው» አለ። ቀጥሎ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠየቀኝ።

«ሲፍቁ አየሽ?»

«አየሁ፣ አባዬ።»

«ሁለት ናቸው አይደል?»

ማስታወሻዬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ሁለት ነበርን።»

ዓይኑን ገለጠ። «አንቺ የቱን ነበርሽ?»

«ያዥዋን።»

አባቴ አጠገቡ ያለውን በርጩማ ወደ ማዕዱ ሳበና በእጁ መታ መታ አደረገው። «ነይ ተቀመጪ» አለኝ፤ ቆጮውንም እኩል ቆርሶ በፊቴ አኖረልኝ።